በሲዲው መግቢያ የተጠራ ስም

ኢባዳን፣ ዱግቤ ገበያ
ጁን 6 ቀን 2006

ሙሽሪት፣

እንዴት ከርመሻል? ልጅሽን ሳሉ ለቀቀው? እኔም ኩዲራትም ደህና ነን፣ አልሐምዱ ሊላህ። ዝናቡ ገበያውን ጭቃ ከማድረጉ በቀር ክፉ ወሬ የለም። መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። ደብዳቤሽን ሾፌሩ ላሚዲ ከካርቶኖቹ ጋር አድርሶልኝ ነበር። መልሱን ጀምሬ ቀደድኩት፤ የጻፍኩት ሁሉ ስድብ ሆነብኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ፣ ስልኩን አንቺ ብታነሺውም ከጎንሽ ማን እንደተቀመጠ አይታየኝም።

የተቆለፉት ሲዲዎች እንዴት ሆኑ ላልሽው፣ እኔ ሌባውን ይቆልፋሉ ብዬ ነበር፤ የቆለፉት ግን ገዢውን ነው። ኮምፒውተር ላይ አይባዙም አላችሁ፤ እሺ። የሰው ዴክ ላይም አይሄዱም። የያም ሥር ዱቄት የምትሸጠዋ የሙሊ እናት ትናንት መጥታ ሲዲውን ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምንድን ነው የሸጥሽልኝ? ሙሽራዋ አባቷ ደጅ ስትደርስ ቀጥ አለች! እኛ ከነልጆቻችን አፋችንን ከፍተን እንጠብቃለን፣ እሷ እግሯን እንዳነሣች ቀረች!»

«ዴክሽ አርጅቶ ይሆናል» አልኳት።

«ዴኬን ተይው! ዣንጥላ ሥር ካለው ከራሺዲ በግማሽ ዋጋ የገዛሁት ሠርጉንም ፍቺውንም አሳይቶኛል። ኦርጅናል ማለት የማይሠራ ማለት ነው እንዴ?»

ገበያው ሳቀ። እኔም ሲዲውን ተቀብዬ ገንዘቧን መለስኩላት። ሌላ ምን እላለሁ?

አሁን ወደ ሆዴ ነገር ልምጣ። ባላችን አልሐጂ ያለፈው ፊልሙ ኮፒ የወጣው ከኢባዳን ነው ብሎ አምኗል። ከኔ ሱቅ ማለቱ ነው። አዲሱ ፊልም ወጥቶ ኮፒው እንደገና ከዚህ ከተነሣ፣ ሱቁን ዘግቶ ሁሉንም ከሌጎስ፣ ማለትም ከአንቺ ዘንድ እንደሚሸጥ ነግሮኛል። ሱቁን የከፈትኩት በካሴት ዘመን ነው፤ አንቺ ገና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትለብሺ ነበር። እሱ ከተወሰደብኝ በዚህ ቤት ውስጥ ምን እንደምሆን ይገባሻል። የበኩር ሚስት መባል ብቻውን መቀመጫ አይሆንም። እንግዲህ ልጠይቅሽ፤ ዝጋው ያልሽው አንቺ ነሽ?

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ነው የሸኘሁት። ሐሙስ ደውሎ ሌጎስ ነኝ ሲለኝ ከኋላው የሴት ሳቅ ሰማሁ። ሳቅሽ ተለውጧል፤ ወፍሯል። የደላው ሰው ሳቅ ነው።

ሪሲካት፣ የኩዲ እናት


ሌጎስ፣ ኢዱሞታ
ጁን 14 ቀን 2006

ለተከበሩ የኩዲራት እናት፣

ሁለት ጉልበቴን መሬት አስነክቼ እጅ እነሳለሁ። ልጁን ሳሉ ለቆታል። ደብዳቤዎን ከነሰላምታው ከነስድቡ ተቀብያለሁ፤ ታላቅ ሲሰድብ ቀና ብሎ አይታይም።

ሱቁን ዝጋ አላልኩም። ልጄን ይንሳኝ፣ አላልኩም። እኔ ይህችን የኢዱሞታን ደረጃ ስወጣ ስወርድ ጉልበቴ አልቋል፤ የኢባዳንን ደግሞ ምን ልሁን ብዬ እጨምራለሁ? ያ ሳቅም የኔ አይደለም። በዚያ ሐሙስ ልጁን አዝዬ ክሊኒክ ተሰልፌ ነበር። ደግሞ ሰኞ ሸኘሁት ይላሉ፤ እሱ እዚህ የገባው ዓርብ ማታ ነው። የኢባዳን መንገድ የቱንም ያህል ቢበላሽ ከሰኞ እስከ ዓርብ አያስኬድም። ቢያቆዩት ባልዎ ነው፣ አልከፋም። አቆይተው ሸኘሁት ሲሉኝ ግን ይከፋኛል።

ሲዲውን መቆለፍ የፊልም ነጋዴዎቹ ማኅበር ሐሳብ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ደግፌዋለሁ፤ በስብሰባው ላይ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ሊቀመንበሩ «አንድ ፊልም ስንት ሰው ያደክማል! ሰኞ አውጥተን ማክሰኞ መንገድ ላይ ተዘርግቶ እናገኘዋለን። ካልቆለፍን እንዘጋለን» አለ። ያን ጊዜ ባባ ላቲፍ፣ ከሁላቸው በፊት ካሴት ይሸጥ የነበረው ሽማግሌ፣ በከዘራው ተደግፎ ተነሣ።

«ቁልፍ የሚያግደው ጨዋ ሰው ነው። ሌባ መስኮቱን ያውቀዋል።»

«ታዲያ በሩን ከፍተን እንተኛ፣ ባባ?»

«አንተማ ቆልፈህ የቤቱን ባለቤት ውጭ አሳደርከው! ሲዲህን የገዛው ሰው ፊልሙን ለማየት ወደ ሌባው ነው የሚሄደው።»

«ሌባው አጎትህ ነው እንዴ እንዲህ የምትሟገትለት?»

«አጎቴ ቢሆን ኖሮ በነፃ ባየሁ!»

ሰዉ በሳቅ ወደቀ። ድምፅ ሲሰጥ ግን ቁልፉ አሸነፈ። አልሐጂም እጁን ያወጣው ለቁልፉ ነው። እኔ ደግሞ ሰው የለፋበት ነገር በየመንገዱ ሲጣል ያንገበግበኛል። ይህን ለእርስዎ ብዬ አልደብቅም።

ሱቅዎን በተመለከተ ግን አንድ ነገር መጣልኝ። አልሐጂ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት በድምፁ ገዢውን ሰላም ይላል አይደል? ወደ ኢባዳን በሚላከው መግቢያ ላይ የእርስዎን ስም ይጥራ፤ እዚህ በሚሸጠው ላይ የኔን። ሲዲው የሚባዛበት ማስተርም ለየብቻ ይሁን። ኮፒው ሲገኝ መግቢያውን ሰምተን ከማን ዘንድ እንደወጣ እናውቃለን። ከእርስዎ ካልወጣ ሱቅዎን የሚነካ የለም። ለሱ ምክንያቱን አንንገረው። ሴቶቼ ስማቸው እንዲጠራ ይቀናሉ ብሎ ያስብ። ደግሞስ ሐሰት ነው?

ሲምቢያት


ኢባዳን
ጁን 20 ቀን 2006

ሙሽሪት፣

ሐሳብሽን ወድጄዋለሁ። ካንቺ መምጣቱን ነው ያልወደድኩት።

በየትኛው ስም ይጥራዎት ብለሽ በላሚዲ አፍ የላክሽብኝን ጥያቄ ልመልስ። አዌሮ ብሎ ይጥራኝ። ሪሲካት የመስጊድና የገበያ ስሜ ነው፤ አዌሮ ማሞካሻዬ ነው። በሱ የሚጠራኝ እናቴ ነበረች፤ ከእሷ በኋላ አልሐጂ። አንቺ ከመጣሽ ወዲህ «የኩዲ እናት» ሆኜ ቀረሁ። አንድ ግቢ በነበርንበት ዘመን በግድግዳው በኩል «አቤኬ፣ አቤኬዬ» ሲልሽ እሰማ ነበር። ግድግዳው የሸክላ አልነበረም፣ ታውቂዋለሽ። ቀስ ብሎ ቢጠራሽ ምን ነበረበት?

ሲቀዳ በር ላይ ሆነሽ አዳምጪልኝ። ላንቺ ምን እንዳለ፣ ለኔ ምን እንዳለ፣ የማን እንደሚረዝም ሳትደብቂ ጻፊልኝ። ሳትጨምሪም።

ያን ሰኞ ሸኝቼዋለሁ። ቁርሱን አብልቼ፣ ካርቶኖቹን አስጭኜ፣ በዓይኔ አይቼ ነው የሸኘሁት። ዋሾ ነሽ ልትዪኝ ካማረሽ ተጠማዝዘሽ አትምጪ።

ሪሲካት


ሌጎስ
ጁላይ 9 ቀን 2006

ለተከበሩ የኩዲራት እናት፣

እንኳን ለአዲሱ ፊልም አደረሰን። ስሙን «የጎረቤት ድስት» ብለውታል። ካርቶኖቹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ላሚዲ ያመጣል፤ ሁሉም የተቆለፉ ናቸው። እዚህ የቀሩትም እንደዚያው። ዴክ ላይ እንዳይቆሙ ተስተካክሏል ብለውኛል፤ እንጃ፣ ቤት ሞክሬው ድስቱ ሳይጣድ ቀጥ ብሎብኛል።

የታዘዝኩትን ልናገር። በር ላይ ቆሜ ነበር። ሲጀምር ሳቀና «እናንተ ሴቶች፣ አልጋና ማጀት አልበቃ ብሏችሁ ሲዲም ላይ ትሻማላችሁ?» አለኝ። ከዚያ የእርስዎን ቀዳ። «የኢባዳን ደንበኞቼ ሆይ፣ ይህን ፊልም ከቤቴ ምሰሶ ከአዌሮ እጅ ተቀበሉ፤ እሷ ያላየችው ፊልም ከኔ አይወጣም» አለ። ያምራል። ከወረቀት ነው ያነበበው፤ ግን ያምራል። የኔ አጭር ነው። «የሌጎስ ሰዎች፣ አቤኬ ትጠብቃችኋለች።» ይኸው ነው። ስሜን ከመጥራቱ በፊት ጉሮሮውን ጠርጓል። ይህን እንደ ምን እንደምቆጥረው አላውቅም፤ ሦስት ቀን አሰብኩበት። እንግዲህ የእርስዎ ይረዝማል። ይደሰቱበት።

ሁለቱ አልቀው ልንወጣ ስንል «አንቺ ሂጂ፣ እኔ ትንሽ ማስተካከያ ይቀረኛል» አለኝ። ልጁ እያለቀሰ ስለነበር ሄድኩ። ማስተሮቹንም ወደ ማተሚያው የወሰደው ራሱ ነው።

እርስዎ ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልናገር። የሰፉለት ቆብ አምሮበታል። ሰማያዊ ላይ ነጭ ጥልፍ፣ ጠርዙ ላይ እጅ የማይመስል ስፌት። እኔ መርፌ እንደማልይዝ ያውቃሉ። ያንን ለማሳየት ከሆነ አይቻለሁ።

ሲምቢያት


ሌጎስ
ጁላይ 28 ቀን 2006

ለተከበሩ የኩዲራት እናት፣

ሰላምታዬን አሳጥራለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኮፒው ወጥቷል።

ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ኢዱሞታ ድልድይ ሥር ተዘርግቶ አገኘነው። አልሐጂ እንዳየው ቆቡን ለኔ አስያዘኝና ሲዲዎቹን እያነሣ መሰባበር ጀመረ። ሻጩ «አልሐጂ፣ ቢያንስ ከፍተን እንስማው፣ ምናልባት ሌላ ፊልም ይሆናል!» ቢለው «የሌባ ድምፅ ጆሮዬ አይገባም!» ብሎ ጮኸ። ከኔም እጅ ነጥቆ ሰበረ። ሰዉ በንዴቱ ተገረመ። እኔም ተገርሜያለሁ፤ ያለፈው ፊልም ሲወጣ እኮ ቁጭ ብሎ ሻይ ነበር የጠጣው።

ስለዚህ መግቢያውን አልሰማሁም። የሰማ ሰው ፈልጌ አገኘሁ፤ መጋዘን የሚጠብቀው ሰውዬ ነው። «የሴት ስም ይጠራል፤ ሚስቱ መሰለችኝ» አለኝ። «አቤኬ ይላል?» አልኩት። «አይ፣ ያንቺን ስምማ አውቀዋለሁ፣ እሱ አይደለም» አለኝ።

የኔ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? ከልብዎ ይንገሩኝ። ሰው ሲዲውን ለምኖዎት ሰጥተው ከሆነ፣ ወይም በሱቁ የሚገባ የሚወጣ ሰው አጉድሎብዎት ከሆነ፣ ለኔ ይንገሩኝ። አልሐጂ ቆርጧል። በሚመጣው ሳምንት እሑድ ከታላቅ ወንድሙ ከአልፋ ሱሌማን ጋር መጥቶ የሱቁን ቁልፍ እቀበላለሁ ብሏል።

ስሙ የኔ አለመሆኑን ስሰማ ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ደስ ብሎኛል። ማታ ግን ራቴ አልበላልኝ አለ።

ሲምቢያት


ኢባዳን
ኦገስት 1 ቀን 2006

ሲምቢያት፣

ደስታሽን አነበብኩት። አልተቀየምኩም። እኔም በቦታሽ ብሆን ጭፈራ ነበር የምወጣው። አሁን ግን ተቀመጪና አንብቢ፤ ልጁንም ለሰው ስጪው።

ኮፒው እዚህም ገብቷል። ወደ ራሺዲ ዣንጥላ ሄድኩ።

«እትዬ! እርስዎ ከኔ ሊገዙ? ዓለም አለቀ በሉኛ!»

«ስጠኝ፣ አፍህን አታብዛ።»

«ለእርስዎማ ምርቃት አለው። ግን እትዬ፣ አይቆጡኝና፣ ይሄኛው አይቆምም። እንደ እርስዎ አይደለም።»

እንደ እርስዎ አይደለም። እንዲህ አለኝ።

ሱቄን ዘግቼ፣ የዴኩን ድምፅ ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት። ባለቤታችን ነው፤ ድምፁን ከሺ ድምፅ መካከል እለየዋለሁ። ያለውን እንዳለ እጽፍልሻለሁ፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ መጨመርም አላስፈለገኝም። «ይህ ፊልም መንገዴን ለምታሳጥርልኝ ለአካንኬ ነው። አካንኬ፣ የሻጋሙ ጥላዬ፣ እየበላሽ እይው» ይላል። አዌሮ አይልም። አቤኬ አይልም።

ደግሜ ከፈትኩት። የሰማሁትን አላመንኩምና። ስሙን አይደለም አሁን የማዳምጠው፣ ድምፁን ነው። እኔን ሲጠራ ከወረቀት አነበበ። አንቺን ሲጠራ ጉሮሮውን ጠረገ። እሷን ሲጠራ ይስቃል፣ ሲምቢያት። «አካንኬ» ሲል ሳቁ ይቀድመዋል፤ ስሙ ከሳቁ ውስጥ ነው የሚወጣው።

ከዚያ ፊልሙን ለቀቅኩት። ይቆማል ብዬ ጠበቅሁ። ድስቱ ተጣደ፣ ጎረቤቶቹ ተጣሉ፣ ታረቁ፣ አለቀ። አንዴም አልተንተባተበም። የሷ ማስተር ቁልፍ የለውም። ዴኳ እንዳይቆምባት፣ እንዳትከፋበት ብሎ ነው። በማኅበር ፊት እጁን ለቁልፍ አውጥቶ፣ እኔን ቆለፈ፣ አንቺን ቆለፈ፣ እሷን ክፍት ተዋት። ፊልሙም የወጣው በዚያው በተከፈተው በር ነው። ሲዲዎቹን የሰባበረው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሻል። የሌባ ድምፅ አልሰማም ያለው የራሱን ድምፅ ነው።

ሰኞ ሸኝቼዋለሁ። ዓርብ ደርሶልሻል። ሻጋሙ በመካከላችን፣ በመንገዱ ላይ ናት። ሁለታችንም አልዋሸንም።

ቆብ አልሰፋሁም።

ሪሲካት


ሌጎስ
ኦገስት 3 ቀን 2006

የኩዲ እናት፣

ቸኩዬ ስለምጽፍ ፊደሉን አይዩብኝ። ደብዳቤዎን አንብቤ ቆቡን ፈለግሁ። ማድቤት ወስጄ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩትና አየሁት። ስፌቱ እውነትም ጥሩ ነው። መልሼ ሰቀልኩት። ለምን እንደመለስኩት አላውቅም።

ላሚዲን ያዝኩት። ካርቶን ሊጭን ሲመጣ በሩ ላይ ቆምኩበት።

«ላሚዲ፣ አካንኬ ማን ናት?»

«እመቤቴ፣ እኔ ሾፌር ነኝ። መሪ ይዤ ፊት ለፊቴን ነው የማየው።»

«ሻጋሙ ስትደርሱስ ወደ ጎን አታይም?»

«ሻጋሙ? ሻጋሙ ነዳጅ እንቀዳለን።»

«ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው ነዳጅ የሚቀዳው?»

አንገቱን አከከ። «ሰልፍ ይኖራል፣ እመቤቴ።»

ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ካርቶኑን አስቀምጦ ተናገረ፤ እሱም የከበደው ይመስላል። መንገዱ ዳር ምግብ ቤት አላት። ተሳፋሪው ወርዶ የያም ገንፎውን፣ አማላውን፣ ሲበላ ቴሌቪዥን ይከፈትለታል። አልሐጂ የሰጣትን ፊልም ጠዋትም ማታም ትከፍታለች። መግቢያው ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች፤ ወጥ የምትጨልፍ እንኳ ብትሆን ጭልፋውን አስቀምጣ። «አካንኬ እኔ ነኝ» ትላለች ለተሳፋሪው። ሲዲውን አውሺን ላላት ሁሉ ታውሳለች። ስሟ እንዲሰማላት። ከተዋሱት አንዱ ወስዶ አባዛው።

እንዴት እንደምጠላት አላውቅም። እኔም ብሆን አውስ ነበር።

ስለ ኢባዳን ያልኩትን ሁሉ ይቅር ይበሉኝ። እሑድ አብሬያቸው እንዳልመጣ ከልክሎኛል። እርስዎ ግን ያ ሲዲ በእጅዎ አለ፤ ሱቅዎን የሚያስቀርልዎት እሱ ብቻ ነው። በአልፋ ሱሌማን ፊት ያሳፍሩት ይሆን? እኔ እንጃ። ያሳፍሩት የሚለኝም አለ፣ ይተዉት የሚለኝም አለ፤ ሁለቱም እኔ ውስጥ ናቸው።

አንድ ነገር ብቻ። ላሚዲን ዕድሜዋ ስንት ነው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ባውቀው ምን ላደርገው? ለካ እንዲህ ነው። እኔ ወደዚያ ቤት ስገባ እርስዎ እንዴት ቻሉት?

ሲምቢያት


ኢባዳን
ኦገስት 12 ቀን 2006

ሲምቢያት፣ እህቴ፣

እንዴት ቻልሽው ላልሽኝ፣ አልቻልኩም። የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ የቻልኩ መሰለ እንጂ።

ስለ እሑዱ ሁሉን አልጽፍም። አንዳንዱ ነገር የተባለበት ቤት ይቅር። ከሰዓት በኋላ መጡ። አልፋ ሱሌማን እንደ ሁልጊዜው ስለ ጉልበቱ ነግሮኝ ተቀመጠ። አልሐጂ አልተቀመጠም፤ ሱቁን እየዞረ መደርደሪያውን ይነካካል። ውሃ አቀረብኩ፣ ኮላ ፍሬም አቀረብኩ። አልፋ ሱሌማን «ልጄ፣ የመጣንበት ነገር ከባድ ነው» ሲል፣ «ባባ፣ መንገደኛ ናችሁ፤ መጀመሪያ ፊልም እያያችሁ እረፉ» አልኩና ከፈትኩት። ድምፁን ዝቅ አላደረግሁትም።

ሲያልቅ፣ መግቢያው ማለቴ ነው፣ አልፋ ሱሌማን የኮላ ፍሬውን ማኘክ አቆመና ወንድሙን በስሙ ጠራው።

«ሙፉታው፣ አካንኬ የምትባል እህት አለችን እንዴ?»

አልሐጂ ወደኔ ሳያይ «ዴኩን አጥፊው» አለኝ።

«ምነው? እንደ ኦርጅናሉ እኮ አይቆምም» አልኩት። «ጥሩ ይሄዳል።»

አልጮኽኩም። ድምፄን ታውቂዋለሽ፤ ብጮኽም አይሰማም። ሽማግሌው ወንድሙን አየው፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ሰማያዊውን ቆብ። ቆቡን አድርጎ ነበር የመጣው! በመጨረሻ «ቁልፍ ሊቀበል የመጣ ሰው መጀመሪያ የራሱን በር ይቆልፋል» አለና ተነሣ። የሱቁ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ወደኔ ገፋው። ሱቁ የኔ ነው፤ አልፋ ሱሌማን ይህን በቤተሰቡ ፊት እደግመዋለሁ ብሏል። አልሐጂ ደጅ ወጥቶ ዝናብ ውስጥ ቆመ። ዣንጥላ ልውሰድለት ብዬ ተነሥቼ ነበር። ተቀመጥኩ።

አሸነፍኩ ማለት ነው። ግን እወቂው፣ ያ ሲዲ በየቤቱ ነው። የሙሊ እናት ትናንት መጥታ «አካንኬ ማለት አንቺ ነሽ እንዴ? ሻጋሙ የተወለድሽ መቼ ነው?» አለችኝ። ስቃ አይደለም፣ ከልቧ። «አይደለሁም» አልኳት። ዱቄቷን አቅፋ ትንሽ ቆመችና «አይዞሽ» ብላኝ ሄደች። በዚያ ሁሉ ስድቧ ያላስለቀሰችኝ ሴት በዚህ አስለቀሰችኝ። ማኅበሩ ለአልሐጂ አፍ ቁልፍ ቢሠራለት ይሻል ነበር።

ኮፒ አድርጊና ላኪልኝ ብለሽ በላሚዲ ያስነገርሽውን ሰምቻለሁ። አልልክልሽም። አንዴ ከሰማሽው አታቆሚም፤ እኔ አውቃለሁ። ማስታወሱ ይበቃናል።

ረቡዕ ዕለት አልሐጂ ደወለ። ስለሚቀጥለው ፊልም ሊነግረኝ ነው አለ፤ ሰው እንደሚያባብል ድምፅ። ቁልፍ ይደረግበት ወይስ አይደረግበት፣ አንቺ ምን ትያለሽ አለኝ። ከመቼ ወዲህ ነው እኔ የምጠየቀው? በአንቺ ሐሳብ ላይ ቆም ብዬ አስቤበታለሁ። ሰው የደከመበት ነገር በየመንገዱ ሲጣል ያንገበግባል ያልሽው እውነት ነው። ባባ ላቲፍም እውነቱን ነው። ተከራከሩበት፤ እኔ የማኅበር ሰው አይደለሁም። ለዚህኛው ፊልም ግን ቁልፍ አልፈልግም አልኩት። መግቢያውንም ከእንግዲህ አንተ አትናገረውም አልኩት። ዝም አለ። ዝም ሲል እሺ ማለቱ ነው፤ ያንን እንኳ ከአንቺ በፊት ነው የማውቀው።

የምናገረው እኔ ነኝ። ኩዲራት በስልኳ ቀድታ አስለምዳኛለች። እንዲህ እላለሁ፤ «ይህ ፊልም ለአቤኬ ነው፤ ለሌጎሷ እህቴ። ቤቱን ሁለት ሆነን አቁመነዋልና።» ያንቺ ስም ነው የሚጠራው፣ የኔ አይደለም። ሳልወድ አይደለም። በሚቀጥለው ደግሞ አንቺ የኔን ትጠሪያለሽ፤ ከኔ ካሳጠርሽ ግን ወዮልሽ።

የሷን ስም አንጠራም።

ቁልፍ አልፈልግም ያልኩት ለዚህ ነው። ራሺዲ ያባዛው፤ ድልድይ ሥር ይዘርጋ፤ ተሳፋሪው ሁሉ በኪሱ ይዞት ይሂድ። ሳይቆም፣ ሳይንተባተብ ሻጋሙ ይድረስ። ጭልፋዋን አስቀምጣ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስሟን ትጠብቅ። እስከ መጨረሻው ትጠብቅ።

እሷም ትንሽ ትቅና።

አዌሮ